«ካዮኡ» አስቸገረኝ፣ ፈተናው ነገ ጠዋት ነው!

የካትሱሺካዋ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። በጃፓንኛ «ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ» ለማለት «ጋኮ ኦ ካዮኢማስ» ብዬ ጻፍኩ፣ መምህሯ በቀይ አሰመረችበት። ግሱን «ካዮኡ»ን ብቻውን ሳነበው ደግሞ «ማክሰኞ ነው ያልሽው» አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው?

የአራት ኪሎው፦ ለምን ትጨነቂያለሽ? «ኢኩ» (መሄድ) በዪና ግልግል። ጃፓኖቹም «ጋኮ ኒ ኢኩ» ይላሉ።

ባቡር ወዳጅ፦ «ኦ»ን አውጪ፣ እንደ እኛ «ወደ» የሆነውን «ኒ» አስገቢ። ጋኮ ኒ ካዮኢማስ።

ሰዋስው ይቅደም፦ በችኮላ አይሆንም፣ ከሥሩ እንየው። ካዮኡ «ጎዳን» ከሚባሉት፣ መጨረሻቸው እየተቀያየረ ከሚረቡት ግሶች ነው። በ«ኡ» ስለሚያልቅ አሉታው «ካዮዋናይ» ነው፣ «ዋ» ይገባበታል። አያያዥ ከሆነው «ቴ» ጋር «ካዮቴ» ይሆናል፤ «ቴ» ጠብቆ ይነበባል። አሁን እየተማርሽ ስለሆነ «ጋኮ ኒ ካዮቴ ኢማስ» ይሻልሻል። ካዮኡ የሚጻፍበት ያው ካንጂ (ከቻይና የመጣው የጃፓን ጽሕፈት) «ሩ» ሲከተለው «ቶሩ» ተብሎ ይነበባል፣ በአንድ ቦታ ማለፍ ማለት ነው። እሱ ነው «ኦ» የሚፈልገው፦ ሚቺ ኦ ቶሩ (በመንገድ ማለፍ)። ምናልባት ሁለቱ ግሶች ተምታተውብሽ ይሆናል።

ሻይ በሎሚ፦ «ኒ» ነው እህቴ። «ኒ»!

የካትሱሺካዋ፦ እሺ፣ «ኒ» ገባኝ። ማክሰኞስ? «ኢኩ» ብልስ ነጥብ ይቀነስብኛል?

ኦሳካ ያለሁት፦ «ኢኩ» ስህተት አይደለም። ግን ዛሬ አንዴ ደርሶ ለመምጣትም ይሆናል። ካዮኡ የእኛ «መመላለስ» ነው። ለጉንፋን አንድ ቀን ሐኪም ቤት ብትሄጂ ካዮኡ አይባልም። ለሕክምና በየሳምንቱ ስትመላለሺ ግን «ብዮኢን ኒ ካዮቴ ኢማስ» ትያለሽ። ፈተናው ግሱን ከጠየቀ ግሱን ስጪያቸው። ማክሰኞ ደግሞ «ካዮቢ» ነው። የሁለቱም መጀመሪያ በሂራጋና (በጃፓን የድምፅ ፊደል) አንድ ዓይነት ይጻፋል። በማክሰኞ «ዮ» ይረዝማል። በግሱ ግን «ኡ»ን ለብቻዋ አውጫት፦ ካ፣ ዮ፣ ኡ። ጮክ ብለሽ ተለማመጂው።

የአራት ኪሎው፦ መመላለስ ከሆነማ ቀበሌም ካዮኡ ነው በለኛ!

ኦሳካ ያለሁት፦ ለአንድ ጉዳይ ደጋግመህ ከሄድክ፣ አዎ።

ባቡር ወዳጅ፦ የቃል ፈተና ከሆነ «ዶ ያቴ ጋኮ ኒ ካዮቴ ኢማስ ካ» ብለው በምን እንደምትመላለሺ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። በባቡር ከሆነ «ዴንሻ ዴ»፣ በብስክሌት «ጂቴንሻ ዴ»። በእግርሽ ከሆነ «አሩይቴ» ብቻ በዪ፣ «ዴ» አይገባበትም። አንቺ በምንድን ነው የምትሄጂው?

ሻይ በሎሚ፦ የካትሱሺካዋ፣ አለሽ? ፈተናው እንዴት ሆነ?