አጎበር ያለበስኩት የአፕል ዛፍ ነጭ ነገር ወረረው

አራት ኪሎ፣ ግቢያችን ውስጥ ከጨንቻ በመጣ ችግኝ ያሳደግናቸው ሁለት የአፕል ዛፎች አሉን። አምና ፍሬውን ወፍ ጨረሰብን። ያ ጭራው ረጅም የሆነው ቡናማ ወፍ በመንጋ እየመጣ ሳይበስል ይቦረቡረዋል። ዘንድሮ ከመርካቶ አጎበር ገዝቼ አንዱን ዛፍ ከላይ እስከ ታች ሸፈንኩት። ወፉ ቀረ። አሁን ግን ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል፣ ቅጠሉ ያጣብቃል፣ ጉንዳን ይመላለስበታል። ያልተሸፈነው ዛፍ ደህና ነው። አጎበሩ ነው እንዴ ያመጣው?

አትክልተኛው፦
ነጩን ነገር በጣትህ ጨፍልቀው። ቀላ ያለ ፈሳሽ ከወጣ ክሽክሽ ነው፣ የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት። ያ ጥጥ ሻጋታ እንዳይመስልህ፣ ነፍሳቱ ከሰውነታቸው የሚያወጡት ሰም ነው። አጎበሩ አላመጣውም፣ ጠላቶቹን ነው ያስቀረለት። ክሽክሽ የምትበላው ቀይ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ በአጎበሩ ቀዳዳ አታልፍም። አዲስ የተወለደ ክሽክሽ ግን 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ዘው ብሎ ይገባል። ደግሞ ያለ ወንድ ስለሚወልድ አንዷ ብቻ ከገባች ይበቃል።

ሰብለ፦
ትክክል። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥም የአፕል ዛፎችን ሙሉ በሙሉ በመረብ ሲከልሏቸው ፍሬ የሚበሳው ትል ቀነሰ፣ ይኸው ጥጥ የለበሰው ክሽክሽ ግን በዛ። ወንድሜ፣ ጉንዳኑንም አትናቀው። የክሽክሹን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ ጠላት ሲመጣበት ያባርርለታል። ግንዱን በላስቲክ ጠቅልለህ ላስቲኩ ላይ ግሪስ ቀባ፣ ልጡን እንዳትነካ። አጎበሩ መሬት ወይም አጥር ከነካ ግን ጉንዳኑ በዚያ በኩል ይወጣል፣ ልፋትህ ከንቱ ነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦
እኔ ዛፉን መሸፈን ትቻለሁ። ፍሬው ትንሽ ከፍ ሲል እያንዳንዱን በስስ ጨርቅ ከረጢት አስራለሁ። አድካሚ ነው፣ ግን ወፉም አይነካው፣ ጥንዚዛዋም ቅጠሉ ላይ እንደልቧ ትሄዳለች። የግድ መረብ ካልክ ቀዳዳው 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የወፍ መረብ ፈልግ። አበባ ላይ እያለ ግን በአጎበር አትሸፍነው፣ ንብ ካልገባ ፍሬ የለም።

ጠያቂው፦
ጨፈለቅኩት፣ እንደ ደም ቀላ። አጎበሩን አሁኑኑ አውልቄዋለሁ። የቀረውን በውሃ ግፊት ላጥበው?

አትክልተኛው፦
እጠበው፣ ልጡ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን በብሩሽ እሸው። መርዝ እንዳትረጭ፣ የሚመለሱትን ጥንዚዛዎች ትገድላለህ። ግንዱ ሥር ያለውንም አፈር ገለጥ አድርገህ እይ፣ ይሄ ክሽክሽ ሥር ላይም ይቀመጣል።