ከአባዬ ጋር ሚንስሚር ወፍ ልናይ ነው፣ ምን እንያዝ?

የሐዋሳ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ነው የምኖረው፤ አባቴ ከሐዋሳ ሊጠይቁኝ መጥተዋል። እዚያ ዓሣ ገበያ ቁጭ ብለው አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሲያዩ የሚውሉ ሰው ናቸው፣ እዚህ ሶፋው ሰለቻቸው። እና ሜይ ላይ ሰፎክ፣ ባሕር ዳርቻ ያለው ሚንስሚር የሚባል የወፎች ጥብቅ ቦታ ከአስጎብኚ ጋር ሙሉ ቀን ልንውል ነው። የ9 ዓመት ልጄም አለች። መኪና የለንም። ባቡር ያደርሰናል? ባይኖኩላር የቱን ልግዛ? የአባዬን ጉልበት ያማቸዋል፣ ብዙ ያስኬዳል? ነጭ ልብስ ክልክል ነው የሚባለውስ? እሳቸው ያለ ጋቢ አይወጡም።

ኢፕስዊች፦ እህቴ፣ ያደርሳችኋል፣ ግን እስከ በሩ አይደለም። ከለንደኑ ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ኢፕስዊች፣ እዚያ የሎስቶፍትን ባቡር ይዛችሁ ዳርሻም ትወርዳላችሁ። ከዚያ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይቀራል። የገጠር ጣቢያ ናት፣ ቆሞ የሚጠብቅ ታክሲ አገኛለሁ አትበዪ፤ ከነመመለሻው ቀድመሽ ያዢ። ጉብኝቱ በጠዋት ከጀመረ እዚያው ሳክስመንድሃም አካባቢ እደሩ።

ባለመነጽሩ፦ 8 በ42 የሚለውን ግዢ። ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 10 ይሻላል የሚልሽን አትስሚ፣ የእጅ መንቀጥቀጡንም አብሮ ስለሚያጎላው ለትልቅ ሰው አይሆንም። አባትሽ መነጽር ካደረጉ የዓይን ማስጠጊያውን ጎማ ወደ ውስጥ ጠምዝዢላቸው፣ አለበለዚያ ዙሪያው ይጠቁርባቸዋል። ልጅቷን ደግሞ ቤት አለማምጃት። መጀመሪያ ወፏን በባዶ ዓይኗ ትያዛት፣ ከዚያ ዓይኗን ሳትነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ፊቷ ታምጣ። ብዙ ሰው ባይኖኩላሩን ዓይኑ ላይ ለጥፎ ነው ፍለጋ የሚጀምረው፣ እስኪያገኛት ወፏ የለችም።

ሸምበቆ፦ ጉልበትን በተመለከተ፣ ባብዛኛው ሜዳ ነው፤ በባሕሩ በኩል የሚዞረው መንገድ ግን ረዘም ይላል፣ አሸዋም አለው። ወፎቹ ሳያዩን ተቀምጠን የምናይባቸው የእንጨት ቤቶች ሃይድ ይባላሉ። ቢተርን ሃይድ ደረጃ አለው፣ አይላንድ ሚር ሃይድ ይሻላቸዋል። ለአስጎብኚው አሁኑኑ ጻፊለት፣ ቡድን ከተንቀሳቀሰ በኋላ ማስቆም ያሳቅቃል።

ቦታው ረግረግ የሆነው በጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን በባሕር እንዳይገባባቸው ብለው መሬቱን ሆን ብለው በውሃ አጥለቀለቁት። ከእንግሊዝ ከጠፋ መቶ ዓመት ገደማ የሆነው አቮሴት የሚባል ወፍ በ1947 ተመልሶ እዚያ ፈለፈለ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቀጭን መንቆሩ ወደ ላይ ይቆለመማል፣ ውሃውን ግራ ቀኝ እየጠረገ ይበላል። ቢተርን ሸምበቆ ውስጥ ስለሚደበቅ ላታዩት ትችላላችሁ፤ ንጋት ላይ ግን ድምፁ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲባል እንደሚወጣው ነው፣ በጣም ከሩቅ ይሰማል። ማርሽ ሃሪየር ከሚባለው ትልቅ አዳኝ ወፍ በ1971 በመላው ብሪታንያ የቀረው አንድ ጥንድ ብቻ ነበር፣ እሱም እዚሁ። ወንዱ ምግብ ይዞ ሲመጣ ሴቷ ከሸምበቆው ትነሳና ከሥሩ ተገልብጣ አየር ላይ ትቀልበዋለች። አባባ እሷን ካዩ ሶፋውን ይረሱታል።

ኖርዊች፦ ነጭ ግን ይቅር። ሜዳ ላይ ከሩቅ ያስታውቃል። ቡኒ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ልበሱ።

እመት ጥሩ፦ ኧረ ጋቢያቸውን አታስጥሏቸው! የሰሜን ባሕር ንፋስ በሜይም አጥንት ይሰብራል። ሲሄዱ ጃኬት ይደርቡ፣ ሃይድ ውስጥ ጋቢውን ያውጡ፤ ውስጡ ጨለም ስለሚል ወፎቹ የጋቢውን ንጣት አያዩትም። ወፍ የሚያባርረው በመስኮቱ የሚወጣ እጅ ነው። ልጅ «ያቻትና!» ብሎ ጣቱን ሲያወጣ ውሃው ላይ ያለው ሁሉ ብድግ ይላል። ለልጅሽ፣ የእንግዳ መቀበያው አጠገብ ሳንድ ማርቲን የሚባሉ ትናንሽ ወፎች የአሸዋ ገደል ቆፍረው ይኖራሉ፣ ሲገቡ ሲወጡ አይሰለቹም። የአውሮፓን ብርድ አፍሪካ ነው የሚያሳልፉት፣ እኛም አገር ይደርሳሉ። ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ በዓለ ሃምሳ ከሆነ ደግሞ ጾም የለ፣ ምን ችግር አለ።

የሐዋሳ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለአስጎብኚው ጻፍኩለት፣ ታክሲም ልይዝ ነው። አባዬ «ቀኑን ሙሉ አፋችሁን ዝጉ ሊሉን ነው?» እያሉ ነው፣ ምን ልበላቸው?

ሸምበቆ፦ በሹክሹክታ ይቻላል በያቸው። የስልካችሁን ድምፅ ግን አጥፉ።