የአንድን አገር የፋይናንስ ተቋማት ዕድገት በረጅም ዘመን ለመለካት የትኛው መለኪያ ይሻላል?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የአንድን አገር የፋይናንስ ተቋማት ዕድገት ከ1980 እስከ 2020 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለማጥናት አስቤያለሁ። እስካሁን የያዝኩት መለኪያ ባንኮች ለግሉ ዘርፍ የሰጡት ብድር ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት አንጻር ያለው ድርሻ ነው። አማካሪዬ ግን ይህ ብቻውን ስለማይበቃ የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሚያወጣውን የፋይናንስ ልማት ኢንዴክስ እንድጠቀም መክረውኛል። ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ልኬት አንድ ቁጥር ስለሚሰጥ ለስሌት ይመቻል፤ ሆኖም ውስጡ ያለውን ሳላውቅ ልይዘው አልፈለግሁም። የአንድን አገር ጉዞ ብቻ ለሚከታተል ሰው የትኛውን ትመክራላችሁ?

የመጀመሪያው መላሽ፦

አማካሪዎ የጠቆሙት ጥሩ መነሻ ነው። ኢንዴክሱ ተቋማትንና ገበያዎችን ለየብቻ ስለሚለካ ለርስዎ የሚያስፈልገው የተቋማቱ ክፍል ብቻ ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ጥልቀት (የተቋማቱ መጠን ከምርቱ አንጻር) የሚለካው እርስዎ በያዙት የብድር ድርሻ ብቻ ሳይሆን፣ በጡረታ ፈንዶችና በጋራ ኢንቨስትመንት ፈንዶች ሀብት እንዲሁም በመድን ድርጅቶች አረቦን ጭምር ነው። ተደራሽነት ለ100,000 አዋቂዎች በሚደርሰው የባንክ ቅርንጫፍና ኤቲኤም ብዛት፣ ቅልጥፍና ደግሞ በማበደሪያና በማስቀመጫ ወለድ መካከል ባለው ልዩነት፣ በሥራ ማስኬጃ ወጪ፣ በትርፋማነትና በመሳሰሉት ይለካል። መረጋጋት ግን አልተካተተም። እሱን ከፈለጉ የዓለም ባንክ የፋይናንስ ልማት የመረጃ ቋት አራተኛ መስፈርት አድርጎ ስለያዘው ከዚያ መውሰድ ይችላሉ።

በአንድ ንጽጽር መጀመርዎ የሚያሳፍር አይደለም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሬይመንድ ጎልድስሚዝ በ1969 ባሳተሙት ጥናት ከ1860 እስከ 1963 ያለውን የ35 አገሮች መረጃ የመረመሩት የፋይናንስ ተቋማትን ሀብት ከብሔራዊ ምርት ጋር በማነጻጸር ነበር።

ሁለተኛው መላሽ፦

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ምክሩን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ኢንዴክሱ የተሠራው አገሮችን እርስ በርስ ለማወዳደር ነው። እያንዳንዱ አመልካች ወደ ዜሮና አንድ የሚለወጠው ከሌሎች አገሮች ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥሮች አንጻር ስለሆነና ሁሉም በአንድ ቁጥር ስለሚጠቃለሉ፣ የአንድ አገር ውጤት ከ0.15 ወደ 0.20 ከፍ ሲል ብድሩ ይሁን ቅርንጫፉ ወይስ የወለድ ልዩነቱ እንደተሻሻለ ከቁጥሩ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በተደራሽነት በኩል ደግሞ የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የፋይናንስ ተደራሽነት ዳሰሳ መረጃ የሚጀምረው ከ2004 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን ሃያ አራት ዓመታት በጥርጣሬ ይመልከቷቸው። ቅርንጫፍና ኤቲኤም መቁጠር የሞባይል ገንዘብን ስለማያይ፣ ኤምፔሳ በ2007 ሥራ የጀመረባትን ኬንያን በዚህ መለኪያ ብቻ የሚመዝን ሰው ትልቁን ለውጥ ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ የኢንዴክሱን ጥሬ አመልካቾች ለየብቻ ቢከታተሉ ይሻልዎታል።

ከኢንዴክስ ምርጫ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የያዙት ንጽጽር አሰላል ነው። ብድሩ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን የተመዘገበ ቀሪ ሲሆን፣ ምርቱ ግን ዓመቱን ሙሉ የተከማቸ ነው፤ ግሽበት ሲበረታ ሁለቱ በተለያየ ዋጋ የተለኩ ይሆናሉ። ለምሳሌ ያህል የብድሩ ቀሪ በአምናው መጨረሻ 200፣ በዘንድሮው መጨረሻ 300፣ የዘንድሮው ምርት ደግሞ 1,000 ቢሆን፣ በቀጥታ ሲካፈል 30 በመቶ ይመጣል። የዋጋ መለኪያው በአምናው መጨረሻ 100፣ በዘንድሮው መጨረሻ 150፣ የዘንድሮው አማካይ 125 ከሆነ ግን፣ ሁለቱም የብድር ቀሪዎች በየራሳቸው ዋጋ ሲካፈሉ 2 እና 2 ይሆናሉ፤ አማካያቸው 2 ነው፤ ምርቱ ደግሞ በ125 ሲካፈል 8 ይሆናል። ትክክለኛው ድርሻ 25 በመቶ ነው ማለት ነው። በእውነተኛ ዋጋ ብድሩ ምንም አላደገም፤ ግሽበቱ ብቻ አምስት ነጥብ ጨምሮበታል።

ሦስተኛው መላሽ፦

በተካፋዩ (በብድሩ) ላይ የተባለው በአካፋዩም (በምርቱም) ላይ ይሠራል። ናይጄሪያ በ2014 የምርት ስሌቷን መነሻ ዓመት ስትቀይር የ2013 ምርቷ በ89 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚህም አንድም ብድር ሳይቀነስ ከምርት ጋር የሚነጻጸረው ድርሻ ሁሉ በግማሽ ገደማ ወረደ። አሮጌውንና አዲሱን ተከታታይ መረጃ ሳያገናኝ የቀጠለ ሰው ባንኮቹ የተሽመደመዱ ይመስለዋል። የተበላሸ ብድር ከመዝገብ ሲሰረዝም ድርሻው ይቀንሳል፤ ተቋማቱ ግን ያን ጊዜ ከበፊቱ ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ። የዚህ ግልባጭ አይስላንድ ናት፤ ሦስቱ ትልልቅ ባንኮቿ በጥቅምት 2008 ከመውደቃቸው በፊት ጥልቀቷን ያየ ሰው ያደነቃት ነበር። ስለዚህ የባንኮችን ካፒታልና ትርፍ ከትርፋቸው መዋዠቅ ጋር የሚያነጻጽረውን ዚ ስኮር ከጥልቀቱ ጎን ያስቀምጡት።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ለዋጋ ማስተካከያው የሸማቾችን የዋጋ መለኪያ ልጠቀም ወይስ የምርቱን ዲፍሌተር (የአጠቃላይ ምርቱን የዋጋ ለውጥ የሚያሳየውን መለኪያ)?

ሁለተኛው መላሽ፦

የሸማቾችን ይጠቀሙ፤ በየወሩ ስለሚወጣ ለብድሩ ቀሪ የታኅሣሥን፣ ለምርቱ ደግሞ የአሥራ ሁለቱን ወራት አማካይ መውሰድ ይችላሉ። ዲፍሌተሩ የዓመት አማካይ እንጂ የዓመት መጨረሻ ዋጋ አይሰጥዎትም። የአገሪቱ የበጀት ዓመት በሰኔ የሚዘጋ ከሆነ ግን በታኅሣሥ ፈንታ የሰኔን ይውሰዱ፤ አማካዩንም ከሐምሌ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ያስሉት።