ዲኤክሴን ወደ ጋዝ ልቀይራት ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በዲኤክስ ታክሲ እሠራለሁ። ሞተሯ ባለ ካርቡሬተር ነው። ቤንዚን በጨመረ ቁጥር ሂሳብ አልጨምር ነገር፣ ደንበኛ ይሸሻል። የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ የሚለው ምክር ይቅርብኝ፤ አቅሜ አይደለም።

አንድ ጋራዥ በማብሰያ ጋዝ እንድትሠራ እናድርግልህ አለኝ። የኩሽና ሲሊንደር ከኋላ አጋድሞ፣ የጎማ ቱቦ እስከ ሞተሩ ሊስብልኝ ነው። ቱቦውን በሽቦ ጠምዝዞ ሲያሳየኝ ደንገጥ አልኩ። በደንብ የተሠራ የጋዝ መኪና ለመኪና ተብሎ የተመረተ ታንክ ከነመዝጊያ ቫልቩ አለው። ፈሳሹን ጋዝ የሚያተነው ክፍልም በራዲያተር ውሃ ይሞቃል። እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ጋዙ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ተሳፋሪ ሲጋራ ቢለኩስስ?

ትክክለኛውን ዕቃ የሚገጥም ባለሙያ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ያስቸግራል ወይ? ጋዝ በሊትር ሲለካ ከቤንዚን በላይ ይበላል፤ ታዲያ ወጪው በእርግጥ ይቀንሳል? የአሮጌ ሞተር ቫልቭስ ይችለዋል? የሞከራችሁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ጋራዡ ቀብድ አምጣ እያለ ነው።