ለታሪክ ጉባኤ የሚሄድ የገጠር ተማሪ የጉዞ ወጪ እንዴት ይሸፈን?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ ገጠር ወረዳዎች እየኖሩ በታሪክ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የሚከታተሉ ተማሪዎች፣ ጥናታዊ ጽሑፋቸው በጉባኤ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ከትምህርት ክፍሉ አነስተኛ የጉዞ በጀት ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ወይስ ሁሉም በጽሑፉ ጥራት ብቻ ይወዳደር?

ከመሐል ሜዳ፣ መምህርና የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ ቅድሚያ ይገባናል ባይ ነኝ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር በመሆኑ የከተማው ተማሪ በማለዳ ተሳፍሮ ለጉባኤው ይደርሳል፤ እንደ እኔ ከመንዝ የሚነሣው ግን በዋዜማው ወጥቶ ለአልጋ መክፈልና ከሥራው ፈቃድ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ከዚህም በላይ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እስከተደረገበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በርስት፣ ማለትም በዘር በሚወረስ መሬት፣ ሙግት ችሎት የቆሙ፣ የትውልድ ሐረጋቸውን መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባታቸው ቆጥረው የሚያስረዱ አዛውንት ዛሬ ጥቂት ናቸው። ቃላቸውን ሳያልፉ የሚመዘግበው ደጃቸው ያለው ተማሪ ነው።

ከደብረ ብርሃን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፦ በሁለቱም አልስማማም። መሐል ሜዳ ያለው መምህር ደመወዝተኛ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ የሚማረው ሥራ የሌለው የገበሬ ልጅ ግን በዚህ መመዘኛ «ከተሜ» ተብሎ ሊቀር ነው። የአዛውንቱም ነገር ቢሆን፣ በርስት ሙግት የተነገረ የዘር ቆጠራ የተሰናዳው ለመርታት ስለሆነ፣ ተረቺው ወገን ምን ይል እንደነበር ያልጠየቀ ተማሪ የሚያመጣው ታሪክ ሳይሆን የአንድ ወገን አቤቱታ ነው። ስለዚህ ገምጋሚዎቹ የአቅራቢውን ስምና አድራሻ ሳያዩ ጽሑፉን ብቻ ይመዝኑ።

ከመሐል ሜዳው መምህር፦ አሁን ያነሡትን ጥያቄ እኮ መንዝ ላይ የሚያነሣልኝ የለም! ጉባኤ የምንሄደው እንዲህ ያለውን ለመስማት ነው።

ከአንኮበር፣ ትምህርቱን ያጠናቀቀ፦ ወንድሞቼ፣ «ለማን ይሰጥ» ላይ ስትከራከሩ «እንዴት ይሰጥ» የሚለው ተዘነጋ። የተለመደው አሠራር ተማሪው ከኪሱ ከፍሎ ሄዶ ሲመለስ በደረሰኝ እንዲተካለት የሚያደርግ ከሆነ፣ ቅድሚያ በወረዳም ይሰጥ በጥራት፣ የሚሄደው ጥሪት ያለው ብቻ ነው። ደረሰኙም ራሱ ችግር ነው፤ መናኸሪያ አካባቢ የምናድርባቸው ርካሽ ማደሪያዎች ብዙ ጊዜ ሕጋዊ ደረሰኝ ስለማይሰጡ፣ በቁጠባ ያደረው ተማሪ ምንም ሳይተካለት ይቀራል፣ ትልቅ ሆቴል ያደረው ግን ሙሉ ይከፈለዋል። ከመነሻው ባለው ርቀት ልክ የተቆረጠ አበል አስቀድሞ ይሰጠውና ጽሑፉን ማቅረቡን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ሲያመጣ ሒሳቡ ይወራረድለት።

ከሸዋ ሮቢት፣ የሒሳብ ባለሙያ፦ የደረሰኝ ደንብ በክፋት የወጣ አይደለም። ጠዋት አቴንዳንስ ፈርሞ ከሻይ ሰዓት በኋላ ዐይኑ የማይታይ የአበል ተሰብሳቢ ሁላችንም እናውቃለን። በምስክር ወረቀቱ ሐሳብ ግን እስማማለሁ፣ ለጽሑፍ አቅራቢ ብቻ ከሆነ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሠራተኛ የወሰደውን ቅድሚያ ክፍያ ሳያወራርድ ቢቀር ከደመወዙ ይቆረጣል፣ ደመወዝ የሌለው ተማሪ ቢቀርስ ማን ይጠየቃል?

ከአንኮበር፦ ትምህርት ክፍሉ ይጠየቅ። ተማሪው ሒሳቡን ሳይዘጋ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመጨረሻ ግምገማ እንዳያቀርብ ማድረግ ይችላል፤ ከዚህ የጠነከረ ዋስ የለም።

ከምንጃር፣ መምህርት፦ ጉባኤውስ ወደ እኛ ቢመጣ? በ1951 ዓ.ም. ሮም ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ እኮ ድሬዳዋም መቐለም ተካሂዷል። አፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. የታረቁባት ልቼም፣ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላም ከደብረ ብርሃን ብዙ አይርቁም።

ከደብረ ብርሃኑ ተማሪ፦ እትዬ፣ ቢመጣ ደስታዬ ነው፤ ነገር ግን የመሐል ሜዳው ሰው ደብረ ብርሃንም ለመድረስ መሳፈሩና ማደሩ አይቀርም። የቅድሚያ ክፍያውን እደግፋለሁ፣ በወረዳ መምረጡን ግን አሁንም እቃወማለሁ።

ከመሐል ሜዳው መምህር፦ እንግዲያው የዋዜማው አዳር በአበሉ ውስጥ ለብቻው ይቆጠር፣ ምርጫው በጽሑፉ ይሁን። የፈቃዱ ነገር ግን ገና አልተነካም፤ ርእሰ መምህሩ «በሥራ ቀን አይቻልም» ካሉ የተሰጠን አበል ምን ይሠራልናል? ትምህርት ክፍሉ ለየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከጉባኤው አስቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍልን።