ለየዕለት ኪስ ቀላል ሰንጢ፦ የትኛዋ ትሻላለች?

የአክስቴ ልጅ በሞተር ሳይክል ዕቃ ያደርሳል። ባለፈው ቅዳሜ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ «አንድ ቀላል ሰንጢ ጠቁመኝ። ኪሴን አትጎትት፣ ካርቶን ስከፍት ግን አታሳፍረኝ» አለኝ። ለሱ መልስ ሳስብ ጎረቤቴ ያንኑ ጠየቀችኝ። ከዚያ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ። የሚፈልጉት ነገር አንድ ነው፤ ውሏቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ መልሴን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ሰንጢ የሚለው ቃል ስሙ መጥፋቱ ያሳዝነኛል። ዛሬ ሰንጢ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ዘራፊ ነው። አባቴ ግን ከመሀረቡና ከሰንጢው ተለይቶ አያውቅም ነበር። እርሳሳችንን የሚቀርጽልን በሷ ነው። ሸንኮራ የሚልጥልን በሷ ነው። የጆንያ አፍ የሚፈታው፣ እሾህ የሚያወጣልን በሷ ነው። እኔ የማወራው ስለዚያች ሰንጢ ነው። ራሴን ልከላከልባት ለሚል ሰው ጥቆማ የለኝም። እንዲያውም ባይዝ ይሻለዋል።

ከክብደት እንጀምር። እኔ ቀላል የምላት ከ50 ግራም በታች የሆነችውን ነው። ከዚያ ስታልፍ ቀጭን ሱሪ ኪስ ውስጥ ትወዛወዛለች፤ ስትራመዱ ጭን ትመታለች። አንድ ሳምንት ትያዛለች፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ትቀራለች። እኔም ፒንሳ ያለው፣ ከ200 ግራም በላይ የሚመዝን መሣሪያ ነበረኝ። ግሩም ዕቃ ነው። ግን በምፈልገው ሰዓት ሁሌ ቤት ነበር። መሳቢያ ውስጥ ያለች ውድ ሰንጢ ገመድ አትቆርጥም።

የስለቷ ርዝመትም ያሳስባችሁ ይሆናል። ለከተማ ሰው ከ4 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ብርቱካን፣ ማንጎ፣ የካርቶን ፕላስተር፣ የልብስ ክር፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፤ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ በቀን ውስጥ ብዙም አይገጥመንም። ዋናው መቅጠኗ ነው። ወፍራም ስለት ያላት ሰንጢ ብትሳልም ካሮት ስትቆርጡባት ትሰነጥቃለች እንጂ አትቆርጥም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ።

ለጎረቤቴ ያልኳት ቪክቶሪኖክስ ከሚባለው የስዊዘርላንድ ፋብሪካ ሰንጢዎች ትንሿን ነው፤ ክላሲክ የምትባለውን። ስትታጠፍ 58 ሚሊ ሜትር ናት። ክብደቷ 21 ግራም ገደማ ነው። የቁልፍ መያዣ ላይ ትንጠለጠላለች፤ መኖሯም ይረሳል። ትንሽ ስለት፣ መቀስ፣ ጫፉ ብሎን የሚፈታ የጥፍር ሞረድ፣ ወረንጦና የጥርስ መጎርጎሪያ አላት። ለጎረቤቴ ልኳ ናት ያልኩት በመቀሷ ምክንያት ነው። ሦስት ልጆች አሏት። ጥፍር፣ የደንብ ልብስ ክር፣ የወተት ከረጢት፤ ቀኑን ሙሉ የሚቆረጥ ነገር አይጠፋም። ትንሽ ብትሆንም መቀሷ ከስለቷ የበለጠ ሥራ ትሠራለች። ጉድለቷ እጀታዋ ነው። ትልቅ እጅ ያለው ሰው በሁለት ጣት ብቻ ነው የሚይዛት። ጠንካራ ነገር ላይ መጫን አይቻልም።

ለሥራ ጓደኛዬ ደግሞ የዚያው ፋብሪካ ካዴት የምትባለውን መረጥኩለት። ይቺ 84 ሚሊ ሜትር ናት፤ 46 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ጎኗ ፕላስቲክ ሳይሆን ሻካራ አሉሚኒየም ነው። ቀጭን ስለሆነች ሸሚዝ ኪስ ውስጥ እንደ እስክሪብቶ ትቀመጣለች። ጥሩ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ የጠርሙስ መክፈቻና የጥፍር ሞረድ አላት። የሁለቱ መክፈቻዎች ጫፍ ብሎን ይፈታል። መቀስ የላትም። እኔ ራሴ የምይዘው ይቺን ነው። ብዙ ቀይሬ ብዙ ሞክሬ፣ ከስድስት ዓመት ወዲህ ከኪሴ አልወጣችም። አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሷን ነው የምለው።

ስለ ፋብሪካው ትንሽ ልበል። ካርል ኤልስነር የሚባል ሰው ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢባክ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1884 የጀመረው ሥራ ነው። የታወቀችውን የመኮንኖች ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1897 አስመዘገበ። ብረታቸው በጣም ጠንካራ አይደለም፤ በሮክዌል መለኪያ 56 አካባቢ ነው። አንዳንዱ ይሄን እንደ ድክመት ያየዋል። እኔ እንደ ጥቅም ነው የማየው። ቶሎ ትደነዝዛለች፤ ግን ቤት ውስጥ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ስለቷ ይመለሳል። በጣም ጠንካራ ብረት ያላትን ሰንጢ ግን በደህና መሳያ ካልሆነ አትመልሷትም። ያ መሳያ ደግሞ እዚህ በቀላሉ አይገኝም።

ለአባቴ የያዝኩለት ኦፒኔል ነበረች። ኦፒኔል ፈረንሳይ፣ ሳቮይ ተራሮች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1890 የተጀመረች የገበሬ ሰንጢ ናት። የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንገቷ ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት፤ በቃ ይሄው ነው። ቀለበቱ ቪሮብሎክ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረ ነው። ሲዞር ስለቱን ይቆልፈዋል፤ ጣት ላይ አይታጠፍም። በቁጥር ነው የምትሸጠው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ስለቷ ይረዝማል። ቁጥር 6 ስለቷ 7 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ 30 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ቁጥር 8 ስለቷ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እሷም 50 ግራም አትሞላም። በክብደቷ ልክ እንደሷ የሚቆርጥ ሰንጢ አላየሁም። ቲማቲም ላይ ስታሳርፏት ራሷ ትገባለች።

ግን ጠባይዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ዓይነት ብረት አላት። አንደኛው የሚዝገው የካርበን ብረት ነው። ሎሚ ወይም ብርቱካን ከቆረጣችሁባት ይጠቁራል፤ እርጥብ ካስቀመጣችኋት ትዝጋለች። ጥቁረቱ አይጎዳም፤ ዝገቱ ነው ጠላቷ። ጠርጎ ማድረቅና አልፎ አልፎ በትንሽ የምግብ ዘይት ማሸት ይበቃል። ይሄ የሚሰለቸው ሰው የማይዝገውን ይግዛ። ሌላው ጣጣ እንጨቱ ነው። ክረምት ላይ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ይይዘዋል። በጥፍር እየጎተታችሁ አትቸገሩ። ስለቷ ታጥፋ እንዳለች የእጀታዋን የኋላ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፤ ስለቱ ራሱ ብቅ ይላል። ሳቮዮችም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። አባቴ አዲስ ስትሆን እጀታዋን የተልባ ዘይት አጠጥቶ ሦስት ቀን አድርቋታል። ከዚያ በኋላ ብዙም አላስቸገረችውም።

የገበያዋን ሰንጢ ሳላነሳ ባልፍ ግን ውሸት ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንገዛው እሷኑ ነው። መርካቶ የብረታ ብረት ሱቆች፣ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ በየአውቶቡስ መናኸሪያው ከባትሪና ከምላጭ ጋር ተደርድራ የምትሸጠውን። እኔም በገንዘቤ መጀመሪያ የገዛኋት እሷን ነው። 11 ነገር አላት ተብዬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የፕላስቲክ ገመድ ስቆርጥ ስለቷ ወደ ኋላ ታጠፈና አመልካች ጣቴን ቀደደው። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። ሻጩን አልወቅስም፤ ሳልፈትሽ የገዛሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ አፈታተሹን ልንገራችሁ።

ሰንጢዋን ክፈቱና ስለቱን ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ ነቅንቁት። ከተወዛወዘ መልሱላቸው። ከዚያ ዝጉትና ከላይ ወደ ውስጥ እዩ። ስለቱ ከመሀል ገብቷል ወይስ አንዱን ጎን ይነካል? የሚነካ ከሆነ በወር ውስጥ ይደነዝዛል። መቆለፊያ የሌላት ከሆነች ጀርባዋ ላይ ያለው ሞላ ጥብቅ መሆን አለበት። ስትዘጉት በግማሽ መንገድ ላይ ላላ ካለ አይሆንም። መቆለፊያ ካላት፣ ብዙ ጊዜ እጀታዋ ውስጥ ያለ ቀጭን ብረት ወደ ጎን ተንሸራቶ ስለቱን ከታች ይደግፈዋል። ከፍታችሁ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። መቆለፊያው ከለቀቀ ይቺን ሰንጢ ኪሳችሁ አትክተቱ። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ቆርጣችሁ እዩ። ይሄን ሁሉ ያለፈች የቻይና ሰንጢ አለች፤ አይቻለሁም። ሳንሬንሙ እና ጋንዞ የሚል ስም ያለባቸው ከሌሎቹ የተሻሉ ናቸው፤ ግን አብዛኞቹ ከ50 ግራም ያልፋሉ። ቀይ ቀለምና ነጭ መስቀል ስላላት ብቻ ግን አትመኑ። እውነተኛዋ ቪክቶሪኖክስ ስለቷ ሥር ስሟ ተቀርጿል፤ ስትዘጋም ቀጭ የሚል ጥብቅ ድምፅ አላት።

ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ዛሬ የጻፍኩት ነገ አይሠራም።

ለሞተረኛው የአክስቴ ልጅ ምን አልኩት? ሁለት ነገር። አንደኛው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ቀጭኑ ካተር ነው። አትሳቁ፤ ቀኑን ሙሉ ፕላስተርና ካርቶን ለሚቆርጥ ሰው ከሱ የሚቀል የለም። ስለቱ ሲደነዝዝ ጫፉን ሰበር ማድረግ ነው፤ መሳል አያስፈልግም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲፈጠር ሐሳቡ ይኸው ነበር። ብቻ የሚንሸራተተው ቁልፍ የሚጠብቅ መሆኑን እዩ፤ ኪስ ውስጥ ራሱ የሚከፈተው አደገኛ ነው። ምግብም አትቁረጡበት፤ ስለቱ ዘይት የተቀባ ነው፤ ቶሎም ይዝጋል። ሁለተኛው፣ ፍሬ ለመላጥና ለሌላው ነገር ካዴቷን። እሱ ካተሩን ያኑ ዕለት ገዛ። ካዴቷን እየጠበቀ ነው።

አገር ውስጥ የተሠራ ይሻለኛል የሚል ሰውም አለ። ደስ ይለኛል። ምናለሽ ተራ አካባቢ ያሉት ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላ ብረቱ ጥሩ ነው። ስለት ይይዛል። ከፌሮ የተሠራው ግን ለስላሳ ነው፤ በአንድ ቀን ይደነዝዛል። ስለዚህ ስትገዙ ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። ችግሩ የማይታጠፍ መሆኑ ነው። ሰገባ ይፈልጋል፤ ይከብዳል። ለጓሮና ለወጥ ቤት እንጂ ለኪስ አይሆንም። እነዚህ እጆች አንድ ቀን የምትታጠፍ፣ ቀጭን፣ ከ50 ግራም የማትበልጥ ሰንጢ ቢሠሩልን የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ።

ስለት የመሳል ነገር። በየሰፈሩ እየዞሩ ቢላ የሚስሉ ሰዎች ለወጥ ቤት ቢላ ጥሩ ናቸው። ትንሿን ሰንጢ ግን በኤሌክትሪክ ለሚሽከረከር ድንጋይ አትስጧት። ቀጭን ስለት በሰከንዶች ይግላል። ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ስለት አይይዝም። ይልቅ ሲኒያችሁን ገልብጡ። ቂጡ ላይ ያለው ያልተቀባ ሻካራ ክብ ጥሩ መሳያ ነው። ስለቱን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ቀና አድርጋችሁ፣ ከሲኒው ላይ ቀጭን ልጣጭ እንደምታነሡ ሁሉ ወደ ፊት ግፉት። በአንዱ ጎን አሥር ጊዜ፣ በሌላው አሥር ጊዜ። ጫና አያስፈልግም። መገጣጠሚያዋ ከጠነከረ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃታል። የተልባም የኑግም ዘይት እዚያ አታስገቡ፤ ሲውል ሲያድር ይወፍርና ይጣበቃል።

ፍተሻን አትርሱ። ባንክ፣ ሆቴል፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የበዓል አደባባይ፤ በር ላይ ኪስ ይፈተሻል። ሰንጢ ካለባችሁ ሳትጠየቁ አውጥታችሁ አሳዩ። ጥበቃዎቹ ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። ብዙ ጊዜ በር ላይ አስቀምጠው ስትወጡ ይመልሱላችኋል፤ ግን ግዴታ የለባቸውም። እኔ ቀጠሮ ያለኝ ቀን ቤት ትቻት እወጣለሁ። መስቀልና ጥምቀት ላይም እንዲሁ።

ለንደን ያለ ዘመድ ካላችሁና ለራሱም መያዝ ከፈለገ አንድ ነገር ይወቅ። እዚያ ያለ ምክንያት መያዝ የሚፈቀደው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍ፣ ስለቱ ከ3 ኢንች ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ብቻ ነው። ክላሲክና ካዴት ያልፋሉ። ኦፒኔል ከቁጥር 6 ጀምሮ ቀለበት ስላላት አታልፍም፤ ቁጥር 5 ግን ቀለበት የላትም።

ለእናንተ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንዳይዛት አደራ በሉት። ፍተሻ ላይ ትወሰዳለች። በሚጫነው ሻንጣ፣ በካልሲ ተጠቅልላ ትምጣ። የአክስቴ ልጅ ካዴት እንዲሁ እየመጣች ነው፤ እህቱ በጥር ትገባለች።