አገር አቋራጭ የመንገደኞች ባቡር ሲጀመር መቅደም ያለበት ፍጥነት ነው ወይስ የጉዞ ሰሌዳ?

ጠያቂ፦ መንገደኛው

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። የአንድን አገር ዋና ዋና ከተሞች የሚያገናኝ የመንገደኞች ባቡር አገልግሎት ከምን ተነሥቶ እንደሚያድግ ለመረዳት የተለያዩ አገሮችን ታሪክ ሳነብ ቆይቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ጃፓን በ1964 በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ፍጹም አዲስ መስመር ዘርግታ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር አስጀመረች፤ ፈረንሳይም በ1981 በፓሪስና በሊዮን መካከል ይህንኑ መንገድ ተከተለች። ስዊዘርላንድ ደግሞ በፍጥነት ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ባቡር ሳይኖራት በአገልግሎቷ ጥራት ስሟ ይነሣል። ታዲያ ገንዘቡ የተወሰነ የሆነ አገር የቱን ያስቀድም? አንድ ፈጣን መስመር መዘርጋት ይሻለዋል ወይስ ባለው ሐዲድ ላይ ባቡሮችን አዘውትሮና በሰዓታቸው ማመላለስ? እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ ሰው መኪናውንና አውሮፕላኑን ትቶ ወደ ባቡር የሚመጣው በፍጥነቱ ተማርኮ ይመስለኛልና። ተሳስቼ ከሆነ በምክንያት አስረዱኝ።

መልስ፦ ሰሌዳ አውጪ

መንገደኛ ጉዞውን የሚቆጥረው ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ሳይሆን ከቤቱ በር እስከ ጉዳዩ ደጃፍ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚነሣ ባቡር የቱንም ያህል ቢፈጥን፣ ጉዳዩን ረፋድ ላይ የጨረሰ ሰው የመመለሻውን ባቡር እስከ ማታ መጠበቅ ካለበት፣ በፍጥነቱ ያተረፈውን አንድ ሰዓት በጣቢያው ወንበር ላይ ብዙ እጥፍ አድርጎ ይከፍለዋል።

ምዕራብ ጀርመን በ1971 ኢንተርሲቲ የተባለውን አገልግሎት ስትጀምር ባቡሮቹ በየሁለት ሰዓቱ የሚነሡና አንደኛ ማዕረግ ብቻ ያላቸው ነበሩ። አገልግሎቱ የብዙኃኑ የሆነው በ1979 ሁለተኛ ማዕረግ ተጨምሮ ባቡሮቹ በየሰዓቱ መነሣት ሲጀምሩ ነው። አይ.ሲ.ኢ. የሚባለው እጅግ ፈጣኑ ባቡር የመጣው ግን በ1991፣ ማለትም ኢንተርሲቲ ከተጀመረ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፦ መጀመሪያ አገልግሎቱ መደበኛ ሆነ፣ ሕዝቡ ለመደው፣ ከዚያ በኋላ ፈጣኑ ባቡር የለመደ መንገደኛ ጠበቀው።

የስዊዘርላንድን አሠራር ደግሞ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ብዙ ጊዜ ይወደሳል እንጂ ምክንያቱ አይነገርምና። አገሪቱ በ1982 የባቡር አገልግሎቷን ተመሳሳይ ደቂቃ በየሰዓቱ በሚደጋገምበት ወጥ ሰሌዳ ላይ አዋለች። በ1987 ደግሞ ሕዝቡ «ባቡር 2000» የተባለውን ዕቅድ በድምፅ አጸደቀ። የዕቅዱ እምብርት እንዲህ ነው፦ በትልልቅ መገናኛ ጣቢያዎች ከየአቅጣጫው የሚመጡ ባቡሮች ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ይገባሉ፣ መንገደኞች ይቀያየራሉ፣ ሰዓቱ ከሞላ ጥቂት ደቂቃ በኋላም ሁሉም ይወጣሉ። ይህ እንዲሳካ በሁለት መገናኛዎች መካከል ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ማነስ አለበት። ከበርን ወደ ዙሪክ የሚደረገው ጉዞ ግን ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ በማትሽቴተንና በሮትሪስት መካከል 45 ኪሎ ሜትር አዲስ መስመር ተሠርቶ በታኅሣሥ 2004 ሥራ ሲጀምር ጉዞው ወደ 56 ደቂቃ ወረደ። ዕቅድ አውጪዎቹ «ባቡሩ ምን ያህል መሮጥ ይችላል?» ብለው አልተነሡም፤ የጠየቁት ስንት ደቂቃ መቀነስ እንዳለባቸው ነው። ሰሌዳው መስመሩን ወለደ ማለት ነው።

መልስ፦ የመስመር መሐንዲስ

ሰሌዳ አውጪ የጻፉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከጃፓን ታሪክ መወሰድ ያለበት ትምህርት በጥያቄውም በመልሱም ውስጥ አልታየኝም። አዲሱ መስመር የተሠራው ለፍጥነት ብቻ አልነበረም። ቶኪዮንና ኦሳካን ያገናኝ የነበረው ነባሩ የቶካይዶ መስመር የሐዲዱ ስፋት 1067 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ፣ በመንገደኞችና በጭነት ባቡሮች የተጨናነቀ መስመር ነበር። በአንድ ሐዲድ ላይ ፈጣንና ዘገምተኛ ባቡር ሲቀላቀሉ የሚባክነው አቅም ብዙ ነው፦ 100 ኪሎ ሜትሩን አንዱ በሁለት ሰዓት፣ ሌላው በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ከሆነ፣ ፈጣኑ ቀዳሚውን እንዳይደርስበት አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ መነሣት አለበት፤ ካልሆነም ዘገምተኛው መሐል ላይ ወደ ጎን ሐዲድ ገብቶ ማሳለፍ ይኖርበታል። ፈጣኖቹ 1435 ሚሊ ሜትር ስፋት ወዳለው አዲስ ሐዲድ ሲወጡ ነባሩ መስመር ለጭነትና ለአጭር ርቀት መንገደኞች ተለቀቀ። አንድ መስመር ተሠርቶ የሁለት አቅም ጨመረ ማለት ነው።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። የዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር፤ ያም ሆኖ ወጪው ከመጀመሪያው ግምት ወደ እጥፍ ተጠግቶ፣ የብሔራዊው የባቡር ድርጅት ፕሬዚዳንት ሺንጂ ሶጎና ዋና መሐንዲሱ ሂዴኦ ሺማ መስመሩ ሳይመረቅ ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። ያንን ያህል ሥራ ሠርተው ፍሬውን በሥልጣን ላይ ሆነው አለማየታቸው ዛሬም ያሳዝነኛል።

ፈረንሳይ የተጠቀመችው ብልሃት ደግሞ ለገንዘብ አጠር አገር ይበልጥ ይስማማል። የነባሩና የአዲሱ ሐዲድ ስፋት አንድ በመሆኑ ቴ.ዤ.ቬ. የሚባለው ፈጣኑ ባቡሯ በአዲሱ መስመር ላይ ሮጦ፣ ከተማ ሲደርስ በነባሩ ሐዲድ እስከ መሐል ከተማው ጣቢያ ይገባል፤ ከአዲሱ መስመር ማዶ ወዳሉ ከተሞችም በዚያው ይቀጥላል። በመሐል ከተማ ቤት ማፍረስና ዋሻ መቆፈር ቀረ። የነባሩ ሐዲዷ ስፋት 1668 ሚሊ ሜትር የሆነው ስፔን ግን በ1992 የማድሪድና ሴቪያን ፈጣን መስመር በ1435 ስለ ሠራች፣ በሁለቱም ስፋት ለመሄድ መንኮራኩራቸውን የሚያጠቡና የሚያሰፉ ባቡሮች አስፈልገዋታል። እንግዲህ ከተሞቹ በአንድ መስመር ላይ ተደርድረው ሐዲዱ ከሞላ አዲስ መስመር ይሠራ፤ ከተሞቹ ተበታትነው ከሆነ የሰሌዳ አውጪን ምክር እከተላለሁ።

መልስ፦ ኩርባ

አጭር ስሌት ላክል። 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ፍጥነቱን ከ160 ወደ 200 ማሳደግ የሚያተርፈው አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ባቡሩ በ40 የሚያዘግምበትን 10 ኪሎ ሜትር ወደ 80 ማሳደግ ግን ሰባት ደቂቃ ተኩል ያተርፋል። ስለዚህ ገንዘቡ መጀመሪያ መዋል ያለበት ባቡሩ በሚጎተትባቸው ኩርባዎች፣ ያረጁ ድልድዮችና የጣቢያ መግቢያዎች ላይ ነው። ብሪታንያ በ1976 በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ የናፍጣ ባቡሮችን ያሰማራችው በነባር ሐዲድ ላይ ነበር። በዚህ ፍጥነት ግን ባቡሩን ለማቆም ረጅም ርቀት ስለሚያስፈልግ የምልክቱ ሥርዓት አብሮ መታሰብ አለበት፤ ጀርመን ከ160 በላይ ለሚሮጥ ባቡር ምልክቱ በሹፌሩ ክፍል ውስጥ እንዲታይ ታስገድዳለች።

ጠያቂ፦ መንገደኛው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አቋሜን እንድመረምር አድርጋችሁኛል። አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ሐዲዱ የሌላ ድርጅት ከሆነና የጭነት ባቡሮች የሚበዙበት ከሆነ፣ ይህን ሰሌዳ የሚያስከብረው ማን ነው?

መልስ፦ የቁጥጥር ክፍል

በዚህ ረገድ ዋናው ምሳሌ የዩናይትድ ስቴትስ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት የሆነው አምትራክ ነው። የግል የባቡር ኩባንያዎች በመንገደኛ አገልግሎት ከባድ ኪሳራ ላይ በመውደቃቸው፣ የዩናይትድ ስቴትስ ምክር ቤት በ1970 ሕግ አውጥቶ አምትራክ ግንቦት 1 ቀን 1971 ሥራ ጀመረ። አብዛኛው ሐዲድ ግን በጭነት ኩባንያዎቹ እጅ ቀረ። ሕጉ ለመንገደኛ ባቡር ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሆኖም የትኛው ባቡር ቆሞ የትኛው እንደሚያልፍ የሚወስነው የሐዲዱ ባለቤት ሠራተኛ ነው። የጭነት ባቡሮቹ ርዝመት ከጎን ሐዲዶቹ ሲበልጥ ደግሞ ጥጉን ይዞ የሚጠብቀው፣ አጭር በመሆኑ ብቻ፣ የመንገደኛው ባቡር ይሆናል። አምትራክ የተሻለ የሚሠራው ከቦስተን እስከ ዋሽንግተን ባለው 735 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ላይ ሲሆን፣ የዚህን አብዛኛውን ክፍል ራሱ ነው የሚያስተዳድረው። በ1977 የተቋቋመው የካናዳ ቪያ ሬል ይህን የመሰለ የቅድሚያ ሕግ እንኳ ስለሌለው ችግሩ ይብስበታል። ስለዚህ ባቡር ከመግዛት በፊት ስለ ቅድሚያ፣ ስለ መዘግየት ቅጣትና ስለ ጎን ሐዲድ ርዝመት የሚደነግግ ውል ይፈረም፤ ባቡሮቹ ከገቡ በኋላ የሚደረግ ድርድር የተሸናፊ ድርድር ነው።

መልስ፦ ሰሌዳ አውጪ

መንገደኛው፣ ፍጥነትንና ሰሌዳን የሚያስታርቅ አንድ ስሌት ልተውልዎ። ጉዞው ሦስት ሰዓት ቢሆንና በየጫፉ ግማሽ ሰዓት ለመዞሪያ ቢያዝ፣ አንድ ባቡር ደርሶ መልስ ለመጨረስ ሰባት ሰዓት ይፈልጋል፤ በየሰዓቱ ለመነሣትም ሰባት ባቡር ያስፈልጋል። ጉዞው ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢወርድ ግን ስድስት ይበቃል። ለጥገና የሚቆሙት መጠባበቂያዎች በሁለቱም ላይ ይጨመራሉ። ኩርባ እንዳሉት ባቡሩ የሚጎተትባቸውን ቦታዎች በማስተካከል ያቺን ግማሽ ሰዓት ማትረፍ ከተቻለ፣ የአንድ ሙሉ ባቡር ግዢ ይቀራል ማለት ነው። በጥናትዎ ያሉትን ከተሞች ርቀትና የአሁኑን የጉዞ ሰዓት ቢጽፉልን፣ መገናኛ ጣቢያዎቹ የት የት ሊሆኑ እንደሚችሉ እዚሁ አብረን ልንሠራው እንችላለን።